ማር የነካው አውራ ጣት

ለተማርያምንና ለገሠን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁና አብረን እንሂድ።

ለተማርያም ሐረር ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደገች ልጅ ናት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያሳደጋትን ቤት ትታ አልወጣችም፤ እዚያው ታናናሾቿን ታጥባለች፣ ቁስላቸውን ትጠርጋለች፣ ፊደል ታስቆጥራለች። ለገሠ ደግሞ የግራዝማች ሀብተወልድ ልጅ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሲናገር ለስለስ የሚል፣ ሰው ማስቀየም እንደ እሳት የሚፈራ። ሁለቱ ከተዋደዱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህንን ግን ከነሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለምን ተደበቀ ትሉኝ ይሆናል። እናቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ «ሰባት ቤት ያልተቆጠረላት ሴት ደጄን አትረግጥም» ባይ ናቸው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መቁጠሩ የአባት ወግ ነው፣ አልነቅፈውም። ለተማርያም ግን ሰባቱ ቀርቶ አንድ ቤት የምትቆጥርበት የላትም፤ በጨርቅ ተጠቅልላ በር ላይ ነው የተገኘችው። ለገሠም «ፋሲካ ይለፍና እነግራቸዋለሁ»፣ «ክረምቱ ይግባና»፣ «ፍልሰታ ትፈታና» እያለ ቀኑን ይገፋል። እሷም እሺ ትላለች። የወደደ ሰው እሺ ማለት አይከብደውም መቼም።

በዚያ ክረምት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ከዴንማርክ አገር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ማሳደጊያውን ሊረዱ መጡ። የመጡት ለጥቂት ሳምንት ነው። ወንዶቹ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ኖራ ቀቡ፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ለወጡ፤ ሴቶቹ ልጆቹን መዝሙር አስተማሩ፣ ኳስ አጫወቱ። ዘበኛው አባ ሙሜ፣ የድሬ ጠያራ ሰው ናቸው፣ ኖራው ከፀጉር እስከ ጫማ የተረጨባቸውን ወጣቶች ያዩና «ወላሂ እነዚህ ልጆች ግድግዳውን ረስተው ራሳቸውን ነው የቀቡት» ይላሉ።

ክፉ ልጆች አልነበሩም፣ እውነቱን መናገር ነው። ሲስቁ ከልባቸው፣ ሲሠሩም ከልባቸው ነበር። ነገር ግን ወጥ ቤቷ በለጡ አንድ ቀን ድስቷን እያማሰለች ለለተማርያም እንዲህ አለቻት፦

«ማቀፉ የነሱ ነው፣ ማባበሉ የኛ። ያቺን ትንሿን ዘቢባን እያት። ከዚያች ልጅ ጭን ላይ ካልተቀመጠች እህል አልቀምስም ብላለች። እነሱ ሲሄዱ ማን ሊያበላት ነው?»

«እኔ አበላታለሁ፣ እትዬ በለጡ።»

«አንቺንስ ማን ሊያበላሽ? ከስተሻል እኮ።»

«ያቺ ልጅ» ያለቻት ኢንገር የምትባለውን የወጣቶቹን መሪ ነው። ኢንገር ነርስ ናት፣ ለተማርያም ከልጆቹ ጋር ስትውል እያየች ወደደቻት። ለገሠ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኖ ስለተቀጠረ ከሁለቱ አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ለገሠና ለተማርያም ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይነጋገራሉ፤ ግን የሚነጋገሩት የሌላ ሰው ቃል ነው። «ፋሻው የት እንደሆነ ትጠይቅሻለች» ይላታል። «ሳጥኑ ውስጥ ነው በላት» ትለዋለች። አንዳንዴ ኢንገር ዝም ስትል ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ያን ጊዜ ለተማርያም ቶሎ ብላ ጎንበስ ትላለች፣ እጇ ላይ ያለውን ፋሻ ፈትታ እንደገና ትጠቀልለዋለች።

* * *

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ እሁድ የስንብት ግብዣ ሆነ። የማሳደጊያው አስተዳዳሪ አዲስ አበባ ስለነበሩ የክብር ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግራዝማች ሀብተወልድ ናቸው፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም ከጎናቸው አሉ። ግራዝማች ከኤረር በር ወደ ታች በአትክልት ቦታቸው ንብ ያረባሉ፤ ቀፎ በተቆረጠ ቁጥር ለልጆቹ ማር ሳያመጡ ቀርተው አያውቁም። አንዲት ሴት ልጃቸው በፈንጣጣ ከሞተችባቸው ወዲህ የዚህ ቤት ልጆች እንደ ልጅ ሆነውላቸዋል። ከሁሉ ከሁሉ ለተማርያምን ይወዷታል። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊት የምታነብላቸው እሷ ናት። ልጃቸው ለገሠ ስለሷ ምን እንደሚያስብ ግን በሕልማቸውም አልመጣላቸውም።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ልጆቹ ዘመሩ። ከዚያ ኢንገር ተነሳች። ለገሠም አጠገቧ ቆመ።

«ሚስ ኢንገር ሁላችሁንም ታመሰግናለች» አለ። «ለተማርያም ብርቱ ልጅ ናት ትላለች። አገሯ ወስዳ ነርስነት ልታስተምራት ትፈልጋለች። ማክሰኞ አብራቸው አዲስ አበባ ትሂድና ወረቀቷ እዚያ ይለቅላት ትላለች።»

ሰዉ አጉረመረመ። ለተማርያም የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ይህንን ነገር ኢንገር በመጀመሪያው ሳምንት ነግራታለች፤ እሷ መልስ አልሰጠችም፣ የምትጠብቀው ሌላ ቃል ስለነበረ።

ኢንገር ቀጠለች። አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ለገሠ አፉን ከፈተና ቆመ።

«እዚህ ሰው የላትም ትላለች» አለ።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ለተማርያም ቀና ብላ አየችው። ቁጣ የሌለበት አስተያየት ነው፤ ከቅርብ ሰው ላይ አንድ እንግዳ ነገር በድንገት እንዳየ ሰው ነው ያየችው። እሱ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ማነው ሰው የላትም ያለ?» አሉ። «ንገርልኝ፣ ልጄ። ይቺ ልጅ ሰው አላት። እስከ ዛሬ በልቤ ነበረች፤ ዛሬ በሰው ፊት ትሁንልኝ። ያመጣሁትን ማር አቅርቢልኝ፣ በለጡ። አባ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እርስዎ የነፍስ አባቴ ነዎትና ምስክር ይሁኑኝ። ለተማርያምን የጡት ልጄ አደርጋታለሁ።»

ወጣት አንባቢዎቼ ይህንን ወግ ላታውቁት ትችላላችሁ። ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ሊያደርግ ሲፈልግ በምስክር ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክርና ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ከአብራክ ከወጣው አይለይም። ይወርሳል፣ ይቀብራል፣ በስሙ ይጠራል። ከአባትየው ልጆች ጋርም ወንድምና እህት ይሆናል። ወንድምና እህት ደግሞ አይጋባም።

«ምን አሉ?» አለች ኢንገር፣ ወደ ለገሠ ዞራ።

ለገሠ «አባቴ ማር ሊያቀምሷት ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ነገራት።

እንግዶቹ ደስ አላቸውና አጨበጨቡ። አንደኛው ካሜራውን አነሳ።

ለተማርያም ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። ቀስ እያለች ወደ ሽማግሌው ሄደችና ጎንበስ አለች። ግራዝማች አውራ ጣታቸውን ነከሩ፤ ወለላው በጣታቸው ላይ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ጠብ አለ። እሷ ግን የምታየው ከትከሻቸው በላይ ለገሠን ነው። ተናገር፣ ትለዋለች በዓይኗ። አሁን ነው፣ ሌላ ጊዜ የለም። እሱ ደግሞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ወለሉን ያያል።

ጣቱ ከንፈሯ ሊደርስ ሲል ፊቷን ወደ ጎን መለሰች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ግራዝማች። አልችልም።»

ባለ ካሜራው እንግዳ ካሜራውን አወረደ።

«ምን አጎደልኩብሽ፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ምንም አላጎደሉብኝም።»

«ታዲያ ምነው?»

ምክንያቱን ብትናገር ልጃቸውን በሰው ፊት ልታጋልጥ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የናቀቻቸው ልትመስል ነው። ዝም ማለቱን መረጠች።

«አዩ ግራዝማች፣ የፈረንጅ አገር ከእርስዎ ማር በልጦባታል» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

ግራዝማች ማር የነካውን ጣታቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው፣ ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወጡ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ጃንጥላ እንኳ አልያዙም። በመስኮት ያየቻቸው ለተማርያም በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም።

* * *

ለገሠ እንግዶቹ ሲበተኑ ልብስ ማጠቢያው ዳስ ስር አገኛት። ነጠላዋ ላይ ያረፈውን ማር በሳሙና እያሸች ነው።

«ለምን እንደዚያ አደረግሽ? አባቴን ልባቸውን ሰበርሽው እኮ» አላት።

እጇ ቆመ።

«ምን እንዳደርግ ፈልገህ ነበር? እንድጠባ?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ጊዜ ማግኘት ነበረብን። ቀስ ብለን...»

«ሰው ሲጠባ ቀስ ብሎ አይጠባም፣ ለገሠ። አንዴ ከጠባ ጠባ ነው። አሁን ይኼኔ እህቴ ብለህ ትጠራኝ ነበር።»

«እናቴ ባሉበት ልናገር? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባለጌ ሆኛለሁ። ላንተ ስል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ለገሠ እጇን ሊይዝ ተጠጋ፤ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ሰው የላትም ስትል ምን ተሰማህ?»

«ያለችው ኢንገር ናት። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ የተባልኩትን ነው...»

«ካንተ አፍ ነው የወጣው። እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም፣ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አለሽ ያለኝ ድምፅ።» ነጠላውን ጨመቀችው። «እኔ አልተጣላሁህም። ደክሞኝ ነው። ማክሰኞ አብሬያቸው እሄዳለሁ።»

«ለመንኳት፣ አለቀስኩ» ብሎ ኋላ ለጓደኛው አውርቷል። እሱስ አላለቀሰም። እሷ እርጥቡን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጥላ ስታልፈው የቀዘቀዘው ውሃ እጁ ላይ ተንጠባጠበበት፤ ያ ቅዝቃዜ ቤቱ ድረስ አልለቀቀውም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ግራዝማች ከቀፎዎቻቸው መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁርስ አልበሉም። ለገሠ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ፤ ንቦቹ እንዳይነድፉት ሲል ይሁን በፍርሃት፣ ሳይንቀሳቀስ።

«አባዬ፣ ለተማርያም አልናቀችዎትም።»

«ተወው በቃ። የሰው ልጅ በግድ ልጄ አይሆንም።»

«እኔ ስለምወዳት ነው። ልንጋባ ቃል ተገባብተናል። እህቴ ልትሆን ስላልቻለች ነው።»

ግራዝማች ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ጣቴን ማር ውስጥ ስነክር አይተኸኛል?»

«አይቻለሁ።»

«ጭለማ አይደለም፣ ሩቅ አይደለህም፣ ታየኛለህ። ልጄን በኃጢአት ላስር ስነሳ ዝም ብለህ ታየኛለህ።» ድምፃቸው አልጮኸም። «ብትጠባ ኖሮስ?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«አታውቅም። እሷ ግን አውቃለች። ያንተን ነውር ተሸክማ እኔን አስቀይማ ቆመች። እኔም ረግሜያት ነው የገባሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «እንዲህም ብሎ ጋብቻ የለም» አሉ ከዚያው። «ሰባት ቤት ማን ሊቆጥርላት ነው?»

«ትላንት ልጄ ላደርጋት ስነሳ ዘሯን ጠይቀሽኛል?» አሉ ግራዝማች።

«ልጅ ማድረግና ምራት ማድረግ አንድ ነው እንዴ? ልጅ ለነፍስ ነው፣ ምራት ለዘር ነው።»

«እሱስ አንድ አይደለም።» ተነሱ። «አባ ወልደ ጊዮርጊስን ጥራልኝ» አሉት ልጃቸውን። «ነገ ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን። እንዳትሳሳት፣ የምሄደው ላንተ ብዬ አይደለም። እሷን ቀና ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ለገሠ አባቱን እስከ ዛሬ እንደዚህ አሮጌ ሆነው አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ያስረጀኋቸው እኔ ነኝ እያለ አባ ወልደ ጊዮርጊስን ሊጠራ ወጣ።

* * *

ማክሰኞ ማለዳ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣው ሁሉ ላዩ ላይ ተጭኗል፣ የለተማርያምም ትንሽ ሻንጣ ጭምር። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። ዘቢባ የኢንገርን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ ብላለች፤ ኢንገርም ፊቷ በዕንባ ርሷል፣ በቋንቋዋ ታባብላታለች። በለጡ መጥታ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና አዘለቻት። «ነይ የኔ እናት፣ እኔ አለሁልሽ» አለቻት።

ግራዝማች፣ አባ ወልደ ጊዮርጊስና ለገሠ በዳገቱ መጡ። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ከደጅም አያልፍም።

ለተማርያም አየቻቸውና ባለችበት ደረቀች።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ ግራዝማች። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩ። «የመጣነው ለጋብቻ ነው። ለማን እንናገር? የልጅቱ ወገን ማነው?»

የማሳደጊያው አስተዳዳሪ ከአዲስ አበባ አልተመለሱም። እንግዶቹ ነገሩ አልገባቸውም። ለተማርያም አንገቷን ደፋች፤ ሰው የላትም የተባለው ቃል እንደገና በአየሩ ላይ የቆመ መሰላት።

አባ ሙሜ ከበርጩማቸው ተነሱ። ሽርጣቸውን አስተካከሉ፣ ኮፊያቸውን ጫን አደረጉ፣ መጥተው በልጅቷና በሽማግሌዎቹ መካከል ቆሙ።

«ለኔ ይንገሩኝ፣ ግራዝማች» አሉ። «ከዚህ ደጅ ያነሳኋት እኔ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያን አድርገው አሳደጓት፣ አልከፋኝም። ወገን ከተባለ ግን እኔ ነኝ።»

በለጡ ዘቢባን እንዳዘለች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። «እኔም አለሁበት» አለች። «ቀን ሙሉ ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት የእናት ወንበር ይነፈጋታል እንዴ?»

ለተማርያም ሁለቱን አየች። አሮጌውን ሽርጥና የበለጡን ወጥ የነካው ቀሚስ አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ለእናንተ እናገራለሁ። ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ።»

«ልጅዎ አፍ የለውም?» አሉ አባ ሙሜ። «አስተርጓሚ ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

ለገሠ ወደ ፊት ወጣ። ፊቱ ነጥቷል።

«እሁድ ዕለት ሰው የላትም ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ውሸት ነበር። እኔ ነበርኩ። ደግሞም አባቴ ማር ሊያቀምሷት ነው ብዬ እንግዶቹን አታልያለሁ። ፈርቼ ነው። እወዳታለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቄያታለሁ፣ ላገባት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወደ ኢንገር ዞረና ያንኑ ሁሉ፣ ውሸቱን ጨምሮ፣ በእንግሊዝኛ ደገመው። ኢንገር እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ለተማርያምን አየች፣ መኪናው ላይ ወዳለው የልጅቷ ሻንጣ አመለከተች፤ ላውርደው ወይ፣ ማለቷ ነው። ይህንን ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ለተማርያም አልቸኮለችም። አስቀድማ ወደ ግራዝማች ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሽማግሌውም «ይቅር በይኝ» አሏት፣ «እርስዎ ይቅር ይበሉኝ» አለች። በለጡን አቀፈች፣ የዘቢባን ግንባር ሳመች። ከዚያ አባ ሙሜ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ቀጠሮ ይስጡልኝ።»

«ለመቼ?»

«ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ።»

ለገሠ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ። ለተማርያም ያን ጊዜ ብቻ አየችው። ፍቅሩ ዓይኗ ውስጥ አለ፣ ቁስሉም አለ፤ ሁለቱንም አልሸሸገችበትም።

«እሁድ ልሄድ የቆረጥኩት የሚይዘኝ ሰው ስለሌለኝ ነበር» አለችው። «ዛሬ የምሄደው የምመለስበት ሰው ስላለኝ ነው። ያ ሰው አንተ ትሁን አትሁን ገና አላወቅኩም።»

ገባች። መኪናው ተነሳ። ልጆቹ ግንቡን ታከው ሮጡ፣ ደከሙ፣ ቆሙ።

አባ ሙሜ ከዘበኛ ቤታቸው አግዳሚ ወንበር ጎትተው አወጡ። «ቀጠሮ ተሰጥቷል፤ እናንተ ተቀመጡ፣ አረፍ በሉ» አሏቸው ለሁለቱ ሽማግሌዎች። ለገሠም ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል «አንተ ቁም» አሉት፣ ረጋ ብለው። «መልሱን ያላገኘኸው አንተ ነህ።»

ለገሠ ቆመ። በመንገዱ ላይ የሚያልፉት የከተማው ሰዎች፣ የእናቱ ወዳጆች ጭምር፣ በማሳደጊያው ደጅ ምን ያስቆመዋል እያሉ ያዩታል። የያዘው ፍርሃት ይሁን ተስፋ መለየት አቃተው፤ ከዚያ ሁሉ ዓይን ግን እንደ ድሮው ፍቅሩን ሊደብቅ አልፈለገም።